«ሐኪሙ ምን አለ?» ብለው ለሚጠይቁ አባት ምን ይመለሳል?

ሰሞኑን የደረሱኝን ደብዳቤዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። ሁሉም ስለ ሕመም ናቸው፤ ግን «ይህ ምልክት የምን በሽታ ነው?» የሚል አንድም የለም። ማን ይወቅ፣ ማን ይወስን፣ ማን ይፈርም፣ ማን ዝም ይበል፤ ጥያቄው ሁሉ ይህ ነው። እኔ 26 ዓመት እዚሁ አዲስ አበባ መሃል በነርስነት ሠርቻለሁ፤ ከመርፌውም ከፋሻውም በላይ ያደከመኝ ይኸው ጉዳይ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ገጹን በሙሉ ለእነዚህ ደብዳቤዎች ሰጥቻለሁ። ጸሐፊዎቹን ሊያሳውቅ የሚችል ነገር ቀንሻለሁ።

«ውሸት አትችይም አለኝ»

«ሲስተር፣ እንደምን ነዎት? የምኖረው አራት ኪሎ ነው። አባቴ 71 ዓመቱ ነው፣ ጡረታ የወጣ መምህር። ምግብ አልወርድ እያለው ብዙ ከተመላለስን በኋላ ባለፈው ወር ናሙና ተወስዶ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል ተባልን። ውጤቱን የሰማነው እኔና ታላቅ ወንድሜ ነን። ወንድሜ ‹እባክዎ ለእሱ እንዳይነግሩት› ብሎ ዶክተሩን ለመነ፣ ዶክተሩም እሺ አለ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ‹ከነገራችሁት በድንጋጤ ይሞታል› እያለች በስልክ ታለቅሳለች። ለአባዬ ‹ጨጓራህ ቆስሏል› አልነው። እሱ ግን በየማታው ሰው እስኪተኛ ጠብቆ እኔን ብቻ ‹ሐኪሙ ምን አለ?› ይለኛል። ትናንት ‹አንቺ እኮ ውሸት አትችይም› አለኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ጥቁር አንበሳ ካንሰር ሕክምና ቀጠሮ አለን። ምን ላድርግ? ፌ. ነኝ።»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ይህን ልንገርሽ። አባትሽ ያውቃሉ። የበሽታውን ስም ባያውቁ እንኳ አንድ ትልቅ ነገር እንደተደበቃቸው ያውቃሉ። ሰውየው መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የልጆችን ፊት ሲያነቡ የኖሩ። እሳቸው ሲገቡ የስልክ ወሬ ይቆማል። ለዓመታት ያልመጣ ዘመድ ድንገት ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ልጆቻቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቁጣ ትተው ገር ይሆናሉ። ለጨጓራ እንዲህ ይደረጋል እንዴ? ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮው ቦታ ስትሄዱ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው የሚቀመጠው ታካሚ ዞር ብሎ «አባት፣ የእርስዎስ የት ላይ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ያን ቀን ከማያውቁት ሰው ከሚሰሙት ከአንቺ ቢሰሙት አይሻልም?

ስለዚህ መልሴ ይነገራቸው ነው። ግን እንዴት እንደሚነገር ከመሄዴ በፊት ስለ ወንድምሽና ስለ እህትሽ ትንሽ ልበል፤ ክፉዎች ስላልሆኑ። የሚወዱትን ሰው መጠበቅ ነው የፈለጉት። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በየመንገዱ አይጣልም። የመርዶን ሥርዓት አስቢው። የሞተበት ሰው ሥራ ላይ እያለ፣ ብቻውን እያለ አይነገረውም። ምግብ መብላቱ ይጠበቃል፣ ሌሊቱን ተኝቶ ማደሩ ይጠበቃል፣ ከዚያ በማለዳ የሚያከብራቸው ሰዎች ተሰብስበው ይሄዱና ያረዱታል፣ ሲወድቅም የሚይዘው እጅ አጠገቡ አለ። ትልቅ ጥበብ ነው። ግን ልብ በይ፣ መርዶ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ሰዓቱና ሰዉ ይመረጣል እንጂ ባለቤቱ ሳይሰማ ዓመት አይከርምም። ከመርዶው ሥርዓት መደበቁን ብቻ ወስደን መንገሩን ስንተው ነው የምንሳሳተው።

«ለታካሚ መንገር የፈረንጅ ነገር ነው» የሚልሽ ሰው ደግሞ ይኖራል። እነሱም እንደ እኛ ይደብቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ተጠይቀው ከመቶ 90 ያህሉ የካንሰር ታካሚን ባንነግረው ይሻላል ብለው ነበር። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ ደግሞ ከመቶ 97ቱ መንገርን መረጡ። በ18 ዓመት ውስጥ እንዲህ ተገለበጠ። ሕክምናው በመሻሻሉ ከታካሚው ጋር የሚመከርበት ነገር በዛ፤ ታካሚዎችም ስለ ራሳችን ሕይወት እኛን ሳትጠይቁ አትወስኑ ማለት ጀመሩ።

በሕግም ቢሆን ነገሩ የቆየ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው የሕክምና ምርመራንም ኦፕራሲዮንንም በማንኛውም ጊዜ አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይናገራል። ያልነገሩትን ነገር እንዴት አድርጎ እሺ ወይም እምቢ ይላል? አባትሽ ኬሞ ሊጀምሩ ነው እንበል። ፀጉር የሚያረግፍ፣ የሚያስመልስ፣ አቅም የሚያሳጣ መድኃኒት «ለጨጓራ ነው» ተብለው ሊወስዱ ነው?

አንድ ታሪክ ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ የሚያሳድደኝ ታሪክ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛ ዓመቴ አንድ ነጋዴ ታካሚ ነበሩን፣ ጉበታቸው ነበር። ቤተሰቡ እንዳይነገራቸው ብሎ ስለነበር እኛም ዝም አልን። አንድ ማታ መድኃኒት ልሰጣቸው ስገባ እጄን ያዙና «ልጄ፣ እድናለሁ?» አሉኝ። እኔም «ምን ሆነው ነው፣ በቅርቡ ይወጣሉ እኮ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ዘጠኝ ቀን ቆይተው አረፉ። ከተዝካሩ በኋላ ባለቤታቸው ወረቀት ለመውሰድ መጥተው የነገሩኝን አልረሳውም። ሰውየው የዱቤ ደብተራቸውን ለራሳቸው ብቻ በሚገባቸው ምልክት ነበር የሚጽፉት። ማን ስንት እንዳለበት የሚያውቅ ጠፋ። አራት ልጆች ነበሯቸው። እኔ ያን ማታ እውነቱን ብናገር፣ ወይም ቢያንስ «ዶክተሩን ላምጣልዎት» ብል ኖሮ፣ አንድ ከሰዓት በቂ ነበር። አንድ ከሰዓት! ለልጃቸው ቁጭ ብለው ደብተሩን ያነቡለት ነበር።

አባትሽም የሚጨርሱት ነገር ይኖራቸዋል። ዕዳ ላይሆን ይችላል። የተጣሉት ወንድም፣ ማየት የሚፈልጉት የትውልድ አገር፣ ለንስሐ አባታቸው የሚናገሩት ነገር ሊሆን ይችላል። እኛ የማናውቀው ነገር ነው፤ ጊዜው የእሳቸው ስለሆነ የሚያውቁትም እሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ አደራረጉ። በመጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ነው። ማታ ሲጠይቁሽ እንዲህ በያቸው፦ «አባዬ፣ ውጤትህ ሐኪሙ ጋ አለ። ራስህ ቁጭ ብለህ ሁሉንም መስማት ትፈልጋለህ ወይስ እኔ ሰምቼልህ ልጨርሰው?» ከዚያ ዝም በይ። እውነት ዝም በይ፣ አትቸኩይ። «አንቺ ስሚልኝ፣ እኔ አልፈልግም» ካሉ ይህም መብታቸው ነው፤ አስገድደን አንነግራቸውም። «እኔ ልስማ» ካሉ ግን ከዚያ ወዲያ መደበቅ ውሸት ብቻ ነው የሚሆነው።

ከቀጠሮው በፊት ሐኪሙን ለብቻሽ አግኚው። መጀመሪያውኑ ያን እሺ ማለት አልነበረበትም፤ ግን እሱም በኮሪደር ላይ ልጅ ሲለምነው ጨንቆት ነው። «አባቴ ራሱ መስማት ይፈልጋል፣ ቢጠይቅዎት እንዳይዋሹት» በይው። በር የሚዘጋበት ክፍል፣ ወንበር፣ ጠዋት ላይ፣ ወንድምሽም ባለበት ይሁን። የአሜሪካዋ እህትሽ በስልክ ትግባ፤ ሩቅ ሆኖ መስማት ብቻውን ያሳብዳል። ስሙ አንዴ በግልጽ ይነገር፤ «ትንሽ እብጠት» «መጥፎ ሕዋስ» እየተባለ ሰውየው ግራ ተጋብተው እንዳይወጡ። ደግሞ «ምንም ማድረግ አይቻልም» የሚለውን ቃል ማንም እንዳይናገር። ሁልጊዜ የሚደረግ ነገር አለ። ምግብ እንዲያልፍ ቧንቧው ውስጥ የሚገባ ቱቦ አለ፣ ስለ እሱ ጠይቂ። ለሕመም ስሜቱ የሚዋጥ ሞርፊን አለ፤ «ሱስ ያስይዘዋል» እያሉ ሰው በሥቃይ ሲያድር አይቻለሁ፣ ለካንሰር ሕመም በሐኪም መጠን የሚሰጥ ሞርፊን ግን የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባለው ድርጅት ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያያል፤ ሐኪሙን ስለ እሱም ጠይቂው።

«በድንጋጤ ይሞታል» ለሚለው፣ በ26 ዓመት ውስጥ ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ ሲቆጡ አይቻለሁ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሁለት ቀን ዝም ሲሉ አይቻለሁ። በመስማቱ የሞተ ሰው አላየሁም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ተረቱ የተነገረው ለበሽተኛው ነበር፣ ዛሬ ግን ሸሻጊዎቹ እኛ ሆነናል።

ክኒን በሾርባ

«እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን አቁማ እንጦጦ ጸበል መመላለስ ከጀመረች ሁለት ሳምንት ሆናት። ድኛለሁ ትላለች። ለክታችን 170 በ100 ነበር። እህቴ ክኒኑን ፈጭተን ሾርባ ውስጥ እናድርግላት አለች፣ እኔ ደግሞ ፈራሁ። ኃጢአት ነው ወይስ ማዳን? ዳ. ከእሪ በከንቱ»

ወንድሜ፣ አታድርጉት። ፍርሃትህ ትክክል ነው።

መጀመሪያ አደጋውን ልንገርህ። አንዳንድ የግፊት ክኒኖች ቀኑን ሙሉ ቀስ እያሉ እንዲለቁ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ሲፈጩ መድኃኒቱ በአንዴ ይለቀቅና ግፊቱን በድንገት ሊጥለው ይችላል። እናትህ ደግሞ አንድ ቀን ሐሳባቸውን ለውጠው የራሳቸውን ክኒን ቢውጡ እጥፍ ይሆናል። ሾርባውን ግማሽ ጠጥተው ቢተዉትስ? ስንት እንደወሰዱ ማን ያውቃል? ከሁሉም በላይ ግን አንድ ቀን ካወቁ፣ ማወቃቸውም አይቀርም፣ ከእጃችሁ እህል አይቀምሱም። እናት ከልጇ ቤት መብላት ስትፈራ አስበው።

ሌላም አለ። ከላይ ለፌ. ስመልስ አባትየው ማወቅ አለባቸው ያልኩት አካሉ የእሳቸው ስለሆነ ነው። የአንተ እናት አካልም የእሳቸው ነው። ያ አንቀጽ 20 እኛ ደስ በሚለን ውሳኔ ላይ ብቻ የሚሠራ አይደለም። አእምሯቸው ጤነኛ ከሆነ፣ የሚሉትን የሚያውቁ ከሆነ፣ ውሳኔያቸው ቢያስለቅሰንም እንኳ ተንኮል አንሠራባቸውም። (የመርሳት ችግር ያለበት ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱ ከሐኪም ጋር በግልጽ ይመከርበታል።)

ግን እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ ማለቴ አይደለም። ቁጭ በልና ለምን እንዳቆሙ ጠይቃቸው፣ ሳትቆጣ። ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ሰው «በጸበል ድኛለሁ» ይላል፤ ቀስ ብለህ ስትጠይቀው መድኃኒቱ ሽንት ቶሎ ቶሎ እያሰኘው ቅዳሴ ላይ መቆም ተቸግሮ ነው። ወይም ደረቅ ሳል ለቆበታል። ወይም እግሩ እያበጠ ጫማ አልገባ ብሎታል። ወይም ብር ጨርሶ ልጆቹን መጠየቅ አፍሮ ነው። እነዚህ ሁሉ መፍትሔ አላቸው፤ መድኃኒቱ ይቀየራል፣ ሰዓቱ ይቀየራል። በቀን አንዴ የሚወሰድ ክኒን ከጾም ጋር አይጣላም፣ ሐኪሙ ማታ ያደርግላቸዋል።

ጸበሉንም አትንካባቸው። እዚያው እንጦጦ ብዙ የኤችአይቪ ታካሚዎች ጸበል ገብተናል ብለው መድኃኒት ያቆሙበት ዘመን ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ምእመኑ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ እንዲወስድ መከሩ። ይህን ለንስሐ አባታቸው አስታውስ። የንስሐ አባት አንድ ቃል የእኔን አሥር ገጽ ያህላል።

ግፊት ድምፅ የለውም፤ «ምንም አላመመኝም» ማለታቸው እውነት ነው፣ አደጋውም እሱ ነው። ፊታቸው በአንድ በኩል ቢንጋደድ፣ አንድ እጃቸው ቢዝል፣ ንግግራቸው ቢያዝ ያን ሰዓት ጸበልም ምክርም ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ይህን የምታነብ የስኳር ታካሚ ከሆንክ ደግሞ፣ ኢንሱሊንም የምትወጋ ከሆነ፣ ማቋረጥ በቀናት ውስጥ ሊገድልህ ይችላል። አንድም ቀን አትዝለል።

የማውቀው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ

«አምስት ኪሎ አካባቢ ክሊኒክ ውስጥ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። የአክስቴ ልጅ ልታገባ ነው፣ ሽማግሌ ተልኮ ቀን ተቆርጧል። ባለፈው ሳምንት እጮኛዋ እኛ ጋ መጥቶ ተመረመረ፣ እኔን አላወቀኝም። ኤችአይቪ ፖዘቲቭ ነው። ብናገር ሥራዬ፣ ባልናገር እህቴ። እሁድ እሁድ ቡና ላይ እንገናኛለን፣ ስለ ቬሎ ስታወራ ፊቷን ማየት አቃተኝ።»

እህቴ፣ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ያስቸገረኝ ያንቺ ነው። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሰርዣለሁ።

ለአክስትሽ ልጅ አትንገሪ። ያን ልጅ ያየሽው ነጭ ጋዋን ለብሰሽ ነው፤ ያን ውጤት ደግሞ እንደ ዘመድ አላገኘሽውም። የባለሙያ ምሥጢር ማውጣት በወንጀል ሕጋችንም ያስጠይቃል፤ ለእኔ ግን ከሕጉ የሚበልጥ ምክንያት አለ። ሰፈሩ ውስጥ «እዚያ ክሊኒክ ከተመረመርክ ወሬው ሠርግ ቤት ይደርሳል» የሚል ነገር አንዴ ከተወራ በቃ፣ ሰው መመርመር ያቆማል። ያልተመረመረ ሰው ደግሞ አይታከምም። ያን ጊዜ የሚጎዱት ሙሽሮች ብዙ ናቸው።

ዝም ብለሽ ግን አትቀመጪ። ነገ ጠዋት ምርመራውን ያዘዘውን ሐኪም ወይም የምክር አገልግሎት ሰጪዋን ለብቻ አግኝተሽ «ይህ ታካሚ ከዘመዴ ጋር ሊጋባ ነው፣ እኔ ከጉዳዩ መውጣት አለብኝ» በያቸው። ከዚያ ሥራው የእነሱ ነው። ልጁን አስቀምጠው ያናግሩታል፣ እጮኛውን ይዞ እንዲመጣ ይረዱታል፣ ብቻውን መንገር ከከበደው አብረው ይነግሯታል፣ ቀጠሮ ይቆርጡለታል። ትዳር ጓደኛን ማስመርመር የሥራው አንድ ክፍል ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። እምቢ ካለም ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ተቋሙ እንጂ የቡና ረከቦት አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር አስቢ። እሷ ታውቅ ይሆናል። አብረው ተነጋግረውበት፣ ተላቅሰውበት ጨርሰውት ሊሆን ይችላል፤ አንቺ ያየሽው አንዲት ወረቀት ብቻ ነው። ሕክምናው አገራችን ውስጥ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ በምርመራ የማይታይ ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። እንዲህ ሆነው ተጋብተው ጤነኛ ልጆች የወለዱ ሰዎችን አውቃለሁ።

ለማንኛዋም ሙሽራ የምትይውን ግን ለእሷም ማለት ትችያለሽ፦ «ከሠርግ በፊት ሁለታችሁ አብራችሁ ተመርመሩ፣ ውጤቱንም አብራችሁ ስሙ።» ፊትሽ ላይ ሌላ ነገር ሳታሳዪ ማለት ካልቻልሽ ግን እሱንም ተዪው። ይህን ጽፌም ልቤ አልረጋም። ግን ሌላ መንገድ ሳስብ ሁሉም የባሰ ነው።

አጭር ጥያቄ ከሜክሲኮ

«እናቴን ለምታስታምም ነርስ 500 ብር ብሰጣት ጉቦ ነው?»

አዎ፣ ነው። እናትህ ተኝተው እያሉ የተሰጠ ብር የአጠገባቸውን አልጋ ታካሚ ይጎዳል፤ እሱ የሚሰጠው 500 ብር የለውም። ሲወጡ ለኃላፊዋ ስሟን ጠቅሰህ የምስጋና ደብዳቤ ጻፍ። ለክፍሉ ሁሉ ዳቦ ብትወስድ ደግሞ ማንም አይቀየምህም።

«ቤተሰብ ይፈርም»

«ከልደታ ነው የምጽፈው። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ተባለ። ባሌ ክፍለ ሀገር ነበር። እኔ እያወራሁ፣ እየሰማሁ፣ ‹እኔ እፈርማለሁ› እያልኩ ‹ቤተሰብ ይምጣ› ተብሎ ወንድሜ ከሥራ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ልጄ ደህና ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልክ ነበሩ?»

ልክ አልነበሩም። ለአካለ መጠን የደረሰችና የምትሰማ ሴት ለገዛ አካሏ ትፈርማለች። ባል፣ ወንድም፣ አማት አያስፈልጋትም። ሰዉ ራሱን ስቶ ዘመድ ከጠፋና ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ደግሞ ፊርማ እየተጠበቀ አይዘገይም።

ለምን እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፤ እዚያ ነበርኩና። ፍርሃት ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር ዘመድ መጥቶ «ማን ፈቀደላችሁ?» ብሎ እንዳይጣላ ነው። ግን ፍርሃታችንን በምጥ ላይ ባለች ሴት ጀርባ አንጭንም። ይህን ለምታነቡ እህቶች፣ ለመውለድ ስትሄዱ ወረቀት ሲዘረጋላችሁ አራት ነገር ጠይቁ፦ ምን ልታደርጉኝ ነው? ለምን? ባይደረግ ምን ይመጣል? ሌላ መንገድ አለ ወይ? ይህ ሳይነገር የተፈረመ ወረቀት ቀለም ብቻ ነው። ቅሬታሽን ደግሞ አሁንም ለሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ በጽሑፍ ማስገባት ትችያለሽ፤ ለቀጣይዋ ይጠቅማታል።

ፊቱን በብርድ ልብስ ይሸፍናል

«ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው፣ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ ዲያሊሲስ ላይ ነው። ያለንን ሁሉ ጨርሰናል። ጓደኞቼ ቪዲዮ ቀርጸን ቲክቶክ ላይ ከሒሳብ ቁጥር ጋር እንልቀቅ አሉ። ስንቀርጽ ግን ፊቱን በብርድ ልብስ ይሸፍናል። ካልታየ ደግሞ ብር አይገባም ይሉናል። መ. ከካዛንቺስ»

መ.፣ ዲያሊሲስ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስቴ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ያ ወጪ አንድን ቤት እንዴት ባዶ እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ድሮ ቢሆን ሰፈሩ ይይዛችሁ ነበር፤ አሁን ጎረቤቱም እድሩም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ስለዚህ ሕዝብን መለመናችሁን አልነቅፍም። የሚያስጨንቀኝ ብርድ ልብሱ ነው። ወንድምህ መልሱን ሰጥቷል እኮ፣ በአፉ ባይሆንም።

ያ ቪዲዮ አይጠፋም። እሱ ድኖ ትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ሥራ ሲይዝ፣ ሴት ልጅ ሲጠይቅ እዚያው ይጠብቀዋል። ሆስፒታል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከኋላ የሚታዩት ታካሚዎች ምን አጠፉ? አንዳንድ ባለሙያዎችም የታካሚ ቁስል ቀርጸው ሲለቁ እናያለን፤ እሱ ግልጽ ጥፋት ነው። እኛ ቤተሰቦች ግን ስለምንወዳቸው ብቻ ፈቃድ ያለን ይመስለናል።

ካሜራውን አስቀምጥና ጠይቀው። ምን ቢታይ እንደሚሻለው እሱ ይምረጥ። ከመታመሙ በፊት ኳስ ሲጫወት የተነሳው ፎቶ ሊሆን ይችላል። እጁ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወይም አንተ ቆመህ ስለ እሱ ትናገራለህ፤ የወንድም ፊት ብዙ ይናገራል። የሐኪሙን ማስረጃ ስታወጡ የካርድ ቁጥሩንና ሌላውን ዝርዝር ሸፍኑት። ብሩ ሲሞላ ቪዲዮው እንደሚወርድ ቃል ግባለት፣ አውርደውም።

ንቅለ ተከላ ካሰባችሁ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ኩላሊት መትከል ጀምሯል፤ ሰጪው ብዙውን ጊዜ በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። እዚህ ላይ ቤተሰብ ሰብስባችሁ «ማነው የሚሰጠው?» ብላችሁ ዙሪያውን አትዩ። እንዲህ ተጠይቆ እምቢ ማለት የሚችል ሰው የለም። እያንዳንዱ ለብቻው፣ በሐኪም ክፍል ውስጥ ይጠየቅ፤ እምቢ ያለም ማን እንደሆነ ማንም አይወቅ።

የቀረጻችሁት ቪዲዮ ስልክህ ላይ አለ አይደል? ዛሬ ማታ አትልቀቀው። አጠገቡ ቁጭ ብለህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳየው፣ «ይቺ ትቅር» ያለህን ሁሉ ቁረጥ። ሙሉው ይቅር ካለም ሙሉው ይቅር።